የመኝታ መኪናን ከግቢ መብራት ጋር የሚያገናኘው ገመድ፦ ስፒናው ለምን ይግላል? እንዴትስ ይፈተሻል?

ጣና_ዳር_ወፍ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ለመድረኩ አባላት በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ሲሆን፣ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን እየያዝሁ በጣና ዙሪያ፣ አንዳንዴም እስከ ፎገራ ሜዳና እስከ ጎርጎራ ድረስ የምሄድበት የመኝታ መኪና አለኝ። መኪናው ከአውሮፓ የገባ ሲሆን ትንሽ ፍሪጅ፣ የውኃ ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያና የባትሪ ቻርጀር አለው። በጎኑ ላይ ክዳን ያለው ሰማያዊ፣ ክብ፣ ባለ ሦስት እግር መቀበያ አለ። 25 ሜትር የሚሆነው ገመድ በአንድ ጫፉ እዚያ ላይ ይገባል፤ በሌላው ጫፉ ግን ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንዲገጥም የቀድሞው ባለቤት ተራ ባለ ሁለት እግር ስፒና አስገጥሞበታል። ስፒናው በጎንና በጎኑ የግራውንድ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ምላስ ያለው ዓይነት ነው።

ችግሩ እንደሚከተለው ነው። በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ግቢ ቆመን የውኃ ማሞቂያውንና ማንቆርቆሪያውን በአንድ ጊዜ ስንከፍት ከሶኬቱ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ስፒናውን ሳወጣው አንደኛው እግር ቡናማ ሆኗል፤ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ለስልሶ አብጧል፤ ሁለተኛው እግር ግን ንጹሕ ነው። በመኪናው ውስጥ በመልቲሜትር ስለካ ምንም ዕቃ ሳይሠራ 218 ቮልት፣ ሁለቱ ዕቃዎች ሲከፈቱ ደግሞ 197 ቮልት ያሳያል። ከዚህም ሌላ፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ በባዶ እግር እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ የመኪናውን በር እጀታ የሚነካ ሰው የመንዘር ስሜት ይሰማዋል። የግቢው ጥበቃ ስፒናውን በናስትሮ ጠቅልዬ እንድቀጥል መክሮኛል። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ መቀጠል ስላልፈለግሁ የምታውቁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ፌዝና_ኒውትራል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ሳይቀጥሉ መጠየቅዎ እጅግ መልካም ነው። በናስትሮ መጠቅለል ሙቀቱን ከማፈን በቀር የሚፈይደው ነገር የለም፤ የተጎዳውንም ክፍል ከዓይን ይሰውራል። ከዚህ በታች ከምጠይቅዎ አጭር ልኬት በቀር ስፒናውን እንደገና ሶኬት ውስጥ አያስገቡት።

አንዱ እግር ብቻ መቃጠሉ ብዙ ይናገራል። በሁለቱም እግሮች የሚያልፈው ኩረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) እኩል ስለሆነ፣ ችግሩ ከመጠን በላይ መጫን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በተመሳሳይ ሁኔታ በጋሉ ነበር። አንዱ ብቻ የሚግለው በእርሱ በኩል ያለው ግንኙነት ሲላላ ነው። ወይ በሶኬቱ ውስጥ እግሩን ጨብጦ የሚይዘው መዳብ ስፕሪንግነቱን አጥቷል፣ ወይ ደግሞ በስፒናው ውስጥ ሽቦውን የሚያጠብቀው ብሎን ላልቷል። የላላ ግንኙነት ይግላል፤ ሲግል የብረቱ ገጽ ይጠቁራል፤ የጠቆረው ገጽ ኩረንትን ይበልጥ ስለሚገድብ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱም በተራው ስፕሪንጉን ያላላዋል። በራሱ ጊዜ የሚሻሻል ጉዳት አይደለም ማለት ነው።

ሙቀቱ የሚመጣው ኩረንቱ በራሱ ተባዝቶ በሬዚስታንሱ (ፍሰቱን በሚገታው፣ በኦም በሚለካው መጠን) ሲባዛ መሆኑን ያስታውሱ። አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ የሆነ መጥፎ ግንኙነት፣ 10 አምፔር ሲያልፍበት 10 ዋት ያመነጫል፤ 16 አምፔር ሲያልፍበት ግን ከ25 ዋት በላይ ይሆናል። ስልክ ቻርጅ ሲደረግና መብራት ሲበራ ምንም የማይታይበት ስፒና ማሞቂያ ሲከፈት የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን አንድ ልኬት ያስፈልገኛል። የግቢው ሶኬት ደህና በሆነ ሌላ ሶኬት ተቀይሮ፣ የእርስዎም ስፒና ተከፍቶ ከተጠበቀና ሌላ አዲስ ጉዳት ካልታየበት ብቻ፣ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ሁለቱን ዕቃዎች ከፍተው በግድግዳው ሶኬት ላይ፣ ወዲያውም በመኪናው ውስጥ ይለኩ። በግድግዳው በኩል ሲለኩ ከጎኑ ባለው ሁለተኛ ቀዳዳ ይሁን እንጂ የተገለጠ ሽቦ አይንኩ። ስፒናው የማይጠገን ሆኖ ካገኙት ልኬቱ ይቅር፤ ወደ መቀየሩ እንሄዳለን።

ስለ መንዘሩ ለብቻው እመለስበታለሁ። ከቃጠሎው የማይተናነስ አደጋ ስለሆነ፣ እስከዚያው ድረስ መኪናው ከመብራት ጋር ተገናኝቶ ሳለ ማንም ሰው በባዶ እግሩ እንዳይነካው ያድርጉ።

ዓባይ_ማዶ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እኔ እንደማየው ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። በእኛ ሠፈር ያለ ጥገና ቤት የጠቆረ እግርን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ቫዝሊን ቀብቶ፣ የሶኬቱን መዳብ በፒንሳ ጠበቅ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ሰውም ይጠቀምበታል። አዲስ ዕቃ በተወደደበት ጊዜ መጠገኑ አይሻልም?

ፌዝና_ኒውትራል
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ጥገናን አልቃወምም፤ የማይጠገነውን ግን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የስፒና እግር ከላይ በኒኬል የተለበጠ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ልባጡ ይላጥና ከሥሩ ያለው ናስ ይገለጣል፤ ያም በሐይቅ ዳር እርጥበት ቶሎ ይጠቁራል፤ ገጹም ስለሚሻክር ትክክለኛው ንክኪ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ በሙቀት የለሰለሰ መዳብ ደግሞ በፒንሳ ቢጨበጥም ጥንካሬው አይመለስም፤ ጥቂት ጊዜ ይይዝና እንደገና ይላላል። ቫዝሊን በበኩሉ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ አቧራም ይሰበስባል።

ላዩ ብቻ የደበዘዘ፣ ያልቃጠለ እግርን በደረቅ ጨርቅና ለኤሌክትሪክ ግንኙነት ተብሎ በሚሸጥ ማጽጃ ስፕሬይ ማጽዳት ተገቢ ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር የሆነ፣ ሥሩ የተነቃነቀ፣ ፕላስቲኩ ያበጠ ከሆነ ግን ይጣላል። ከእርሱ ጋር የነበረውም ሶኬት አብሮ ይቀየር፤ አዲስ ስፒና በተቃጠለ ሶኬት ውስጥ ቢገባ በአጭር ጊዜ እንደ ቀድሞው ይሆናልና።

ጣና_ዳር_ወፍ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

በታዘዝሁት መሠረት ፈጽሜያለሁ። የግቢው ኤሌክትሪሺያን በዋናው ብሬከር አጥፍቶ ሶኬቱን በአዲስ ቀየረው። ስፒናውን በካቻቢቴ ስከፍተው ያየሁትን እገልጻለሁ። በተቃጠለው እግር በኩል ያለው ብሎን በጣት ብቻ ግማሽ ዙር ዞረ። በሥሩ ያለው የሽቦ ጫፍ ቀደም ሲል በስታኞ ተበይዶ ነበር፤ ስታኞው በብሎኑ ግፊት ተድጦ እንደ ቅጠል ስስ ሆኗል፤ ከጎኑም የተበጠሱ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ነበሩ፤ የቀሩትም አረንጓዴ ሽፋን ይዘዋል። የገመዱ የውጭ ሽፋን በስፒናው አንገት ውስጥ አልተያዘም፤ ስለዚህ ገመዱ በተሳበ ቁጥር የሚጎተቱት ሦስቱ የውስጥ ሽቦዎች ናቸው። በገመዱ ላይ የተጻፈው 3 በ1.5 (ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር) ይላል።

ብሎኑን አጥብቄ ለአጭር ጊዜ ስለካ፣ ሁለቱም ዕቃዎች ተከፍተው በግድግዳው ሶኬት 209 ቮልት፣ በመኪናው ውስጥ 197 ቮልት አገኘሁ። ወዲያውኑ አጥፍቼ ነቅያለሁ። ብሎኑን ካጠበቅሁት በኋላም ቁጥሩ አለመሻሻሉ አስገርሞኛል።

ፌዝና_ኒውትራል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

እጅግ የሚጠቅም ልኬት ነው፤ አሁን ጉዳዩን በቁጥር መነጋገር እንችላለን።

ከመብራቱ መግቢያ እስከ ግድግዳው ሶኬት ድረስ 9 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ ይህ የግቢው የውስጥ መስመር ጉዳይ ነው። ከግድግዳው እስከ መኪናው ደግሞ 12 ቮልት ይጠፋል። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 25 ሜትር ሄዶ 25 ሜትር ሲመለስ፣ 0.58 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ዕቃዎችዎ ሁለቱ በአንድነት ወደ 11 አምፔር ስለሚወስዱ በገመዱ ርዝመት ብቻ ሊጠፋ የሚገባው 6 ቮልት ተኩል ያህል ነው። የቀረው 5 ቮልት ተኩል የሚጠፋው በግንኙነቶቹ ላይ ነው፤ በ11 አምፔር ሲባዛም 60 ዋት ይሆናል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በጣት ሊነካ እንደማይቻል የሚያስታውስ ሁሉ፣ ያን ሙቀት በአንድ ስፒናና በአንድ መቀበያ ውስጥ ታፍኖ ያስበው።

ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ቁጥሩ ያልተለወጠው ሽቦው ራሱ ስለተጎዳ ነው፤ ከክሮቹ ከፊሎቹ ተበጥሰዋል፤ የቀሩትም ጠቁረዋል። በሰማያዊው መቀበያ በኩልም ተመሳሳይ ነገር ሊኖር ስለሚችል እርሱንም ከፍተው ይዩት። መጀመሪያ ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ይነቀል፤ የመኪናው ባትሪ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ) ካለውም ይጥፋ።

ስታኞን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችን ጥንቃቄ መስሎን የምናየው ሥራ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ጫፍ በስታኞ መበየድ የለበትም። ስታኞ ለስላሳ ብረት በመሆኑ ከግፊቱ ሥር ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ብሎኑን ማንም ሳይነካው ግንኙነቱ ይላላል። ከዚህም በላይ የተበየደው ክፍል በሚያልቅበት ቦታ ሽቦው መታጠፍ ስለማይችል፣ መኪና በሚንቀጠቀጥበት መንገድ ክሮቹ እዚያው ላይ ይበጠሳሉ፤ እርስዎ ያዩትም ይኸው ነው። ትክክለኛው አሠራር በሽቦው ጫፍ ላይ የመዳብ ቱቦ ቆብ አልብሶ በመጭመቂያ ፒንሳ መጨበጥ ነው። ቆቡ ካልተገኘ ክሮቹን ሳይበትኑና ሳይቆርጡ ጠምዝዞ፣ ወደ ኋላ አጥፎ ማስገባት ከስታኞ ይሻላል።

ገመዱን ግን አያድኑት፤ ይቀይሩት። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የጎማ ሽፋን ያለው፣ ኤች 07 አር ኤን-ኤፍ የሚል ጽሑፍ የታተመበት፣ 3 በ2.5 የሆነ ገመድ ነው። በአውሮፓ ለመኝታ መኪና የተለመደው 25 ሜትር ርዝመት ያለው ይኸው ገመድ፣ ከባለ 16 አምፔር ሰማያዊ ማያያዣ ጋር ነው። ነጩ የፕላስቲክ ገመድ በእኛ ከፍታ ላይ ባለው ፀሐይ ይደርቅና ሲያጥፉት ይሰነጠቃል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ መሆኗን አንርሳ። ሲያስገጥሙ የገመዱ የውጭ ሽፋን በማያያዣው አንገት ውስጥ ገብቶ በመያዣው መጨበጥ አለበት። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ደግሞ ከሌሎቹ ሁለቱ ጥቂት ይርዘም፤ ገመዱ በኃይል ተስቦ ቢነቀል የግራውንዱ ሽቦ ከሁሉም በመጨረሻ እንዲነቀል ነው።

አሁን ስለ መንዘሩ። የመኪናዎ ቻርጀርና ሌሎች ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች በውስጣቸው ከፌዝ (ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው ሽቦ) እና ከኒውትራል (ከሚመልሰው ሽቦ) ወደ ቦዲው፣ ማለትም ወደ መኪናው የብረት አካል፣ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ክፍሎች) አሏቸው። የግራውንድ መስመር ሲኖር በእነርሱ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኩረንት ሳይታወቅ ወደ መሬት ይሄዳል። ግራውንድ ከሌለ ግን መኪናው በጎማ ላይ ስለቆመ ቦዲው ከመሬት ተነጥሎ የመስመሩን ቮልቴጅ ግማሽ ያህል፣ ማለትም 110 ቮልት ገደማ ይዞ ይቀመጣል። ኩረንቱ አነስተኛ ስለሆነ መንዘር ብቻ ይሰማል። ነገር ግን ይህ የሚነግረን ግራውንዱ የተቋረጠ መሆኑን ነው፤ ነገ የማሞቂያው ኤለመንት ቢሰነጠቅ ወይም አንድ ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ ቦዲው ሙሉውን 220 ቮልት ይዞ በር የሚከፍተውን ሰው ይጠብቀዋል ማለት ነው። በግድግዳው ሶኬት ላይ ከፌዝ ወደ ግራውንድ ምላሱ ይለኩ። ከፌዝ ወደ ኒውትራል ከሚያገኙት ጋር ተቀራራቢ ካልሆነ፣ ምላሱ አለ እንጂ ከኋላው ሽቦ የለም።

የሐይቅ_ዳር_ማረፊያ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ውይይታችሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተከታትያለሁ። እኔ በሐይቁ ዳር ድንኳንና መኪና የሚያርፍበት ግቢ አለኝ። የግቢዬን ሶኬቶች ትናንት በባለሙያ ሳስለካ ከዋናው ቤት ውጭ ያሉት በሙሉ ግራውንድ እንደሌላቸው ተረጋገጠ። አንድ ሌላ ሠራተኛ ደግሞ ወጪ ሳይበዛ በየሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ምላስ ጋር በአጭር ሽቦ ማያያዝ እንደሚበቃ ነግሮኛል፤ በመልቲሜትር ሲለካም ትክክል ሆኖ ያሳያል። ይህ ተገቢ ነውን? ደግሞስ ለመኪኖች ለብቻው መስመር ማውጣት ግድ ነው? በግቢው ጀርባ የእንጀራ ምጣድ ስለምንጠቀም ጠዋት ጠዋት መብራቱ ይደክማል።

ፌዝና_ኒውትራል
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

እህቴ፣ ያን አጭር ሽቦ በፍጹም እንዳያስደርጉት፤ ተደርጎም ከሆነ ዛሬውኑ ይነሣ። ልኬቱን የሚያሳምረው እውነተኛ ግራውንድ ስላለ ሳይሆን ከኒውትራሉ ጋር ስለታሰረ ነው። ከሶኬቱ ወደ ኋላ በየትኛውም ቦታ ኒውትራሉ ቢላቀቅ፣ ፌዙ በበራው ዕቃ በኩል አልፎ በዚያች አጭር ሽቦ ወደ መኪናው ቦዲ ይደርሳል። እንግዳዎ ፍሪጁ ጠፋ ብሎ ሊያይ ሲወጣ የሚጨብጠው እጀታ 220 ቮልት ይዞ ይጠብቀዋል። የኒውትራል መላቀቅ ደግሞ በእኛ አገር መስመር እንግዳ ነገር አይደለም።

ትክክለኛው ከዋናው ማከፋፈያ ሣጥን አጠገብ የግራውንድ ዘንግ እርጥበት እስከሚገኝበት ድረስ ተቀብሮ፣ ሬዚስታንሱ በመለኪያ መሣሪያ ተረጋግጦ፣ ከዚያ ራሱን የቻለ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት መዘርጋቱ ነው። የውኃ ቧንቧን እንደ ግራውንድ መጠቀም አይታመንም፤ አሁን አብዛኛው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው። ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይሠራ፤ ከቆጣሪው ወደ ውጭ ያለውን ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው የሚነካው።

የተለየ መስመርም ግድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ብቻውን ከ14 እስከ 18 አምፔር ነው። እርሱና የእንግዳ መኪና ማሞቂያ በአንድ 2.5 ሽቦ ላይ ሲውሉ መስመሩ መድከሙ አይቀርም፤ ማያያዣ ያለበት ቦታ ሁሉም ይግላል። ለመኪኖቹ ከሣጥኑ የሚነሣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ባለ 16 አምፔር ብሬከርና 30 ሚሊአምፔር የሆነ አርሲዲ ይኑረው። አርሲዲው በሄደውና በተመለሰው ኩረንት መካከል ልዩነት ሲያይ መስመሩን የሚቆርጥ ነው፤ የመሞከሪያ ቁልፉም በየወሩ ተጭኖ መቁረጡ መረጋገጥ አለበት። ሶኬቱም ሰማያዊው፣ ክዳን ያለው፣ አይፒ 44 (ከሚረጭ ውኃ የተጠበቀ) የሚል ይሁን፤ የክረምት ውኃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ በእንጨት ወይም በብሎኬት ምሰሶ ይሰቀል። ሰማያዊ ሶኬት ከግድግዳ ሶኬት የሚሻልበት ትልቁ ምክንያት እግሮቹ ወፍራም መሆናቸው፣ የግራውንዱ እግርም ከሌሎቹ ወፍሮ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገባ መሆኑ ነው።

ዘጌ_ጀልባ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

በጀልባ ሥራ ላይ ያለን ሰዎችም ከዚህ ውይይት የምንካፈለው ብዙ አለ። በመልሕቅ ቦታ ያሉ አንዳንድ ጀልባዎች ባትሪያቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት ከዳር በሚዘረጋ ገመድ ነው። እኛ ዘንድ ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው ውኃው ነው። ጣና ጨው የሌለበት ውኃ በመሆኑ ኤሌክትሪክን በደካማው ያስተላልፋል፤ የሰው አካል ደግሞ ከዚህ ውኃ ይልቅ በተሻለ ያስተላልፋል። ስለዚህ ግራውንዱ የተቋረጠና ሽቦው የተላጠ ጀልባ ወደ ውኃው የሚለቀው ኩረንት በአጠገቡ የሚዋኘውን ሰው አካል መንገዱ ያደርገዋል። ሰውየው በቀጥታ በኤሌክትሪክ ባይሞት እንኳ ጡንቻው ታስሮ መዋኘት አቅቶት ሊሰጥም ይችላል፤ ሲታይም ተራ መስጠም ይመስላል። በባሕር ከሚደርሰው ይልቅ በጨው አልባ ውኃ የባሰ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀልባ ቻርጅ ላይ ሳለ ልጆች በዚያ ዳር እንዳይዋኙ መከልከል ይገባል። ገመዱም በውኃ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይውል፣ ማያያዣውም በእንጨቱ መረማመጃ ላይ እንዳይጋደም ተጠንቀቁ። ውኃ ውስጥ ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ መጀመሪያ የሚደረገው መብራቱን መቁረጥ ነው፤ ተከትሎ የሚገባው አዳኝ በዚያው ይያዛልና።

ተጎታች_ቤት
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ዘመዴ ከአሜሪካ ያስመጣው ተጎታች ቤት ባሕር ዳር ደርሶ በእኔ ኃላፊነት ቆሟል። ገመዱ በጣም ወፍራም፣ ስፒናውም ሦስት እግር ያለው ሲሆን በላዩ 30 አምፔር፣ 125 ቮልት ይላል። የስፒናውን ጫፍ ቆርጠን በሰማያዊው ብንተካ ይሠራል ወይ? እስካሁን ምንም አልሞከርንም።

ፌዝና_ኒውትራል
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5፡10

አይሠራም፤ ሳይሞክሩ መጠየቅዎም ንብረቱን አድኖታል። የአሜሪካ ተጎታች ቤት የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ስፒናው ተቀይሮ በቀጥታ ቢገናኝ ኮንቨርተሩ (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው መሣሪያ)፣ ማይክሮዌቩና የፍሪጁ ቦርድ በቅጽበት ይቃጠላሉ። ቮልቴጁን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ 30 አምፔር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ስለሆነ፣ ሙሉውን ለመጠቀም ትራንስፎርመሩ ከዚያ ያላነሰ መሆን አለበት። በእኛ በኩልም ያ ጭነት ከ16 አምፔር በላይ ስለሚወስድ በአንድ ተራ መስመር ላይ አይሆንም። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ የኤር ኮንዲሽነሩ ሞተር በ50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ይግላልም። መብራት፣ ፓምፕና ፍሪጅ ከሚሠሩበት ባትሪ ጋር የሚገናኝ ባለ 220 ቮልት ቻርጀር ብቻ ገዝቶ ማስገጠሙ፣ በወጪም በደኅንነትም የሚሻል ይመስለኛል።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ በአሜሪካው ገመድ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ግራውንድ ነው። በአውሮፓው ደግሞ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴው ግራውንድ ነው። በድሮ ቤቶቻችን ግን ሽቦው እንደተገኘ የተዘረጋበት ጊዜ ስላለ፣ ቀለም አይቶ ከመፍረድ በፊት መለካት ያስፈልጋል።

ጎንደሬው_ካምፐር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

እኔም ተመሳሳይ መኪና ይዤ ወደ ሐይቁ ስለምወርድ፣ የክረምቱን ነገር ልጨምር።

ገመድ ከመዘርጋቴ በፊት በእጄ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፈዋለሁ። ዓይን የማያየውን ጭረት፣ መኪና የወጣበትን ጠፍጣፋ ቦታ፣ አይጥ የቀመሰውን ጎማ እጅ ያገኘዋል። ጉዳቱ ወደ ውስጥ ሽቦ ከዘለቀ በናስትሮ አይሸፈንም፤ ገመዱ እዚያ ላይ ተቆርጦ አጭር ገመድ ይሆናል ወይም ይጣላል። የማያያዣውን ቀዳዳዎች በእጅ ባትሪ አያለሁ፤ ሳይነኩት የከረመ ክፍት ቀዳዳ ውስጥ ተርብ ጭቃ ሊሠራበት ይችላልና። ከተገናኘ በኋላም ማሞቂያው ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ፣ ሄጄ ማያያዣዎቹን ከውጭ በእጄ ጀርባ እዳስሳለሁ። ሞቅ ያለ ምንም አይደለም፤ እጅ የሚያስነሣ ከሆነ ግን አጥፍቶ መክፈት ነው።

ገመዱ በክብ መጠቅለያ ላይ ያለ ከሆነ በሙሉ ተፈትቶ ይዘርጋ። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያወጣበት ቦታ ስለሌለው በመጠቅለያው ላይ የተጻፈለትን ጭነት ሲሶ ያህል እንኳ በደኅና ላይሸከም ይችላል። ትርፉን በሰፊ እባባማ መስመር መሬት ላይ መዘርጋት ይበቃል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ገመዱ ወደ መኪናው መቀበያ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ አደርገዋለሁ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ውኃ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ማያያዣው አይገባም። በመሃል ቅጥያ ካለ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቀመጥ። በፌስታል አጥብቆ ማሰርን ግን አልመክርም፤ ሌሊት ሐይቁ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ላብ ይይዛል፤ የሚወጣበትም የለውም።

ስናገናኝ መጀመሪያ በመኪናው በኩል፣ ቀጥሎ በግድግዳው በኩል ነው፤ ስንነቅል በግድግዳው እንጀምራለን። በዚህ ቅደም ተከተል ኤሌክትሪክ ያለበት ጫፍ በእጃችን ላይ አይቀርም። በሁለቱም ጊዜ የመኪናው ዋና ብሬከር ጠፍቶ ይሁን፤ ጭነት ላይ ሳለ የሚነቀል እግር በብልጭታው ይጎዳል። ባለ ሁለት እግሩ ክብ ስፒና ተገልብጦም ስለሚገባ ፌዙ በሰማያዊው ሽቦ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የመኪናው ዋና ብሬከር ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ጣና_ዳር_ወፍ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የመኪናውን መቀበያ ስንከፍት በኒውትራሉ በኩል ያለው ብሎንም ላልቶ ነበር፤ መቀበያው በአዲስ ተተካ። ባለ 2.5 የጎማ ገመድ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ በሁለቱም ጫፍ ሰማያዊ ማያያዣ፣ በቱቦ ቆብ ተጨብጦ ተገጠመ። የግቢው ባለቤትም ከራሱ ግራውንድና አርሲዲ ጋር ለመኪና የሚሆን ሰማያዊ ሶኬት በምሰሶ ላይ አሠሩ፤ ሶኬቱም የራሱ መስመር አለው። አሁን ሁለቱ ዕቃዎች ተከፍተው በሶኬቱ 213፣ በመኪናው ውስጥ 209 ቮልት ይነበባል። ከፌዝ ወደ ግራውንድና ከፌዝ ወደ ኒውትራል የሚለካው ልዩነቱ ከ1 ቮልት አይበልጥም። መንዘሩም ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ላድርግ?

ፌዝና_ኒውትራል
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ልኬቶቹ በጣም ጥሩ ናቸው፤ 4 ቮልት በዚያ ገመድ ላይ የሚጠበቀው መጠን ነው።

መብራት ሲሄድ የመኪናውን ዋና ብሬከር ያጥፉ፤ ሲመጣም በመልቲሜትር አይተው ከተረጋጋ በኋላ ይመልሱ። ሌሊት ተነሥቶ ይህን ማድረግ ስለማይቻል፣ በመኪናው ሣጥን ውስጥ ከብሬከሩ ቀጥሎ የቮልቴጅ መጠበቂያ ሪሌይ (ቮልቴጁ ሲያንስ ወይም ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ) ያስገጥሙ። ዝቅተኛውን ወደ 190፣ ከፍተኛውን ወደ 245 ቮልት ያድርጉት፤ መልሶ ከማገናኘቱ በፊት የሚቆይበትን ጊዜ ደግሞ 3 ደቂቃ፤ የፍሪጁ ኮምፕረሰር ግፊቱ ሳይወርድ እንዳይነሣ ነው። የሦስት ፌዝ መስመር ባለበት ሠፈር ኒውትራል ሲቋረጥ ቮልቴጁ እስከ 380 ሊጠጋ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ መኪናውን የሚያድነው ይኸው ሪሌይ ነው። ተራ ስታቢላይዘር ለዚህ አይተካም። ሪሌዩ 40 አምፔር የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ከፊቱ ያለው ባለ 16 አምፔር ብሬከር እንዳይወገድ፤ የብሎኖቹንም ጥብቀት ከመጀመሪያው የመንገድ ጉዞ በኋላ አንድ ጊዜ ከፍተው ይፈትሹ።